በቀን የተነገረ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ በእኛ አገር ተረት የሚነገረው ከብት ከገባ በኋላ ብቻ ነበር። በቀን ተረት የተነገረበት ቤት ከብቱ ይጠፋል፣ ወይም ይሞታል ይባል ነበር፤ እኛም ልጆቹ እሳት እንደሚያቃጥል እንደምናምን ሁሉ ይህንንም ሳንጠይቅ እናምን ነበር። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ተረት አምሮን ብንውልም አፋችንን ይዘን ፀሐይ እስክትጠልቅ እንጠብቅ ነበር።

አገራችን ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ከሚወርደው የማኪና መንገድ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ የገብስና የባቄላ አገር ነው። ያኔ ቤታችን አንድ ክብ የድንጋይ ቤት ነበረ፤ ሰውም ከብትም በአንድ ጣራ ሥር ያድርበት ነበር። በላይ በኩል መደቡና ምድጃው፣ በታች በኩል ጋጣው፣ በመካከላቸው ደግሞ ወገብ የሚደርስ የጭቃ ግድግዳ። የአባቴ አባት፣ አገሩ ሁሉ አያ መኩሪያ የሚለው፣ እኔ ግን አያ ብቻ ብዬ የምጠራው ሽማግሌ፣ ሲመሽ ጀርባውን ለዚያ ግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። ጭሱ ወደ ጣራው ወጥቶ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ከራሳችን በላይ ይንሳፈፋል፤ ኩራዟ ከምሰሶው ላይ ሆና ጥቀርሻዋን ትተፋለች፤ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር አያ በእንጨት ቆስቆስ ያደርገውና ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል።

ከግድግዳው ማዶ ዳልቻ ያመሰኳል። ዳልቻ በሬያችን ነው፤ ያለን በሬም እሱ ብቻ ነበር። እናቱ እንደ ወለደችው ስለሞተችበት አያ አጥሚት በጣቱ እያስላሰ፣ ብርድ በበረታ ጊዜ ከጋቢው ሥር እያስተኛ አሳደገው። ለዚህም ይሆናል፣ አያ ተረት ሲጀምር ዳልቻ አንገቱን በግድግዳው ላይ አሻግሮ ማጅራቱ ላይ ይተነፍስበት ነበር።

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ይህን ሰምተኸዋል» ይለዋል አያ።

እኛ እንስቃለን። ዳልቻ ግን አይሄድም። እኔ የዚያን በሬ ትንፋሽ፣ የሣርና የሞቀ ወተት የመሰለውን ሽታ ሳልሰማ የሰማሁት ተረት ያኔ አልነበረም።

በሬ አንድ ብቻ ያለው ሰው ብቻውን አያርስም። ስለዚህ አባቴ ከጎረቤታችን ከተገኘ ጋር መቀናጆ ነበረ። ተገኘም ያለው ቀዮ የሚባል አንድ በሬ ስለሆነ፣ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር እየጠመዱ አንድ ቀን የእኛን ማሳ፣ ሌላ ቀን የእሱን ያርሱ ነበር። ዳልቻ ሁልጊዜ በቀኝ ይጠመዳል፣ ቀዮ ሁልጊዜ በግራ። ተገኘ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ሰው ነው፤ «የእኔ በሬ ያርሳል፣ የእናንተ በሬ ተረት ያዳምጣል» እያለ አያን ይነካካው ነበር። አያም «ያንተስ ቢሆን ከጌታው ምን ይማራል? ሐሜት ነው እንጂ» ብሎ ይመልስለታል።

አንድ ነገር ግን እውነት ነበር፤ ዳልቻ የአያን ድምፅ ከማንም ድምፅ ይለያል። ጥጃ ሳለ ቀኝ ዓይኑን እሾህ ወግቶት በዚያ በኩል አያይም ነበር። ማሳዎቻችን ከአፋፉ በታች ናቸው፤ ከእርሻ ሲመለስ የሚወጣበት ጠባብ መንገድ ደግሞ በቀኙ በኩል ገደል ነው። ስለዚህ ፀሐይ ዘንበል ስትል አያ በትሩን ይዞ ወደ አፋፉ ይሄድና ከላይ ሆኖ ይጠራዋል። «ና ዳልቾ! ና ልጄ! ግራህን ያዝ!» ዳልቻም ያን ድምፅ እየተከተለ፣ እግሩን እየመዘነ ይወጣል። አብሬው ሄጄ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በሬ የሰውን ድምፅ እንደ ገመድ ይዞ ገደል ሲወጣ ከዚያ በኋላ የትም አላየሁም።

በአንዱ ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ ኩፍኝ ያዘኝ። ያኔ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ብርሃን አያይም፣ የውጭ ሰውም አይገባበትም ነበር። እናቴ መስኮቱን በጭድ ወተፈችው፤ በመደቡ ጥግ ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ጋርዳ ከባናው ውስጥ አስተኛችኝ። ሰውነቴ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ዓይኔ ተጣብቋል፤ ቀኑና ሌሊቱ ተደባልቆብኛል። ወቅቱ የእርሻ ስለሆነ አባቴ ከተገኘ ጋር ማሳ ላይ ነው፤ እናቴም ጎንበስ ቀና ስትል ትውላለች። የማረስ ዕድሜው ያለፈው አያ ብቻ ከእኔ ጋር ይቀራል። እሱም ቀን ቀን ይጠብቀኝና ፀሐይ ስታዘነብል እናቴን በቦታው ተክቶ ወደ አፋፉ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ባሰብኝ። ያለቀስኩት ከሕመሙ ይልቅ ጨለማው አስፈርቶኝ ይመስለኛል። አያ ባናውን ገልጦ ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው?»

 ኩራዟን ለኮሰና ከጎኔ ተቀመጠ። ወደ ተወተፈው መስኮት አየ፤ ወደ ባናው አየ፤ እኔንም አየኝ።

«እዚህስ መሽቷል» አለ።

ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገብቶኝ ደነገጥኩ። «አያ፣ ከብቱስ?» አልኩት።

«ከብቱ ያለው በውጭ ነው፤ የውጭው ቀን ለውጭው ነው። ፀሐይ ከዚህ ባና ውስጥ ምን ጉዳይ አላት? ለእኔና ለአንተ መሽቷል።» አለና ሳቀ። ሳቁ ደስ አሰኘኝ። ትልቅ ሰው ያለው ሁሉ ትክክል የሚመስልበት ዕድሜ ነበር።

ተረቱ ስለ አንድ በሬ ነበር። ገበሬው በሬውን «ይህችን ትልም ጨርስልኝና ታርፋለህ» ይለዋል። በሬውም እሺ ብሎ ተነሳ። ሲሄድ፣ ሲሄድ ትልሚቱ አላልቅ አለች። ማሳውን አለፈች፤ መንደሩን አለፈች። ጅብ በመንገድ አገኘውና «ምነው ወዳጄ፣ በዚህ ሰዓት ወዴት?» አለው። «ትልሜን ልጨርስ» አለ በሬው። ጅቡም «ሥራ ላይ ያለ ሥጋ ጥርስ ይሰብራል» ብሎ ተወው። አያ የጅቡን ንግግር በአፍንጫው ነበር የሚናገረው፤ እኔም በዚያ ሁሉ ትኩሳት ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። ከዚያ ወንዝ አገኘውና «በእኔ ላይ ማን ያርሳል?» ብሎ ተቆጣ። «አትቆጣ፣ ትልሜን ልጨርስ» አለና ወንዙን ለሁለት ተርትሮት አለፈ። አያ ሌላ ጊዜ ተረት ይህን ያህል አያስረዝምም ነበር። በዚያን ቀን ግን ፊቴን እያየ ነበር የሚናገረው፤ ፊቴ ሊጨፈግግ ሲል ለበሬው አንድ አገር ይጨምርለታል።

በባናው ውስጥ የፀሐይ መዘንበል አይታይም። አንድ ጊዜ ነጎድጓድ ተሰማ። አያ ቀና ብሎ አዳመጠ፤ ገና ነው ብሎ ይመስለኛል፣ መልሶ ተቀመጠ። በሬው ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር ደርሶ ነበር። ትልሚቱ ወደ ተራራው ትወጣለች፤ በሬው ግን ደክሞታል፤ ቆሞ ሽቅብ ያያል። አያ ቀጥሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት ከአፋፉ በኩል ኡኡታ መጣ።

ያን ጊዜ የአያ ፊት የሆነውን መጻፍ አልችልም። ኩራዟን ገፍትሯት ተነሳ። ባናውን ሲገልጠው ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ።

በውጭ ገና ቀን ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ካደግሁ በኋላ ተገኘ የነገረኝ ነው። ሲነግረኝ ቀልድ አልነበረበትም። «በሬዎቹን ፈትተን ከመውጫው ሥር ደረስን። ቀዮ ወጣ። ዳልቻ ቆመ። ጆሮውን ወደ ላይ አቁሞ ያዳምጣል። ደመናው ሲወርድብን ጊዜ አባትህ 'ዛሬ አባቴ ልጁ ብሶበት ይሆናል፣ እኛው እናውጣው' አለ። እሱም ጠራው፤ እኔም ጠራሁት። የእኛን ድምፅ ምን ያድርገው? አሁንም ጠበቀ። በመጨረሻ ዝናቡ ሲጥል አባትህ በጅራፍ ሾጥ አደረገው። አባትህ በዚያ በሬ ላይ ጅራፍ አሳርፎ አያውቅም ነበር። ወጣ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወደ ቀኙ አንድ ጊዜ ረገጠ። መሬት የለም።»

ዳልቻ ወዲያው አልሞተም። ከታች ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ወድቆ የፊት እግሩና ዳሌው ተሰብሯል። በእኛ ሥርዓት ሳይታረድ የሞተ ከብት በክት ነው፤ ለማንም አይሆንም፤ ስለዚህ አባቴና ተገኘ ነፍሱ ሳትወጣ ሊደርሱበት እየተንሸራተቱ ወረዱ። ያን ጊዜ አያ ከላይ አፋፉ ላይ ደረሰ። እንደ ሁልጊዜው ቆሞ፣ እንደ ሁልጊዜው «ዳልቾ! ልጄ!» ብሎ ጮኸ።

ዳልቻ ድምፁን ሲሰማ ሊነሳ ሞከረ። በተሰበረው እግሩ ቆሞ ወደቀ። አያ ደግሞ ጠራው፤ እሱም ደግሞ ተነሳ፤ ደግሞ ወደቀ። ተገኘ መታገስ አልቻለም።

«አያ፣ ስለ ማርያም ብለህ ዝም በል!» ብሎ ወደ ላይ ጮኸ። «በጠራኸው ቁጥር ይነሳል! አፍህን ዝጋ!»

አያ የጋቢውን ጫፍ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ከተተ። እንደዚያ እንዳለ ከዝናቡ ውስጥ ቆመ። አባቴ ቢላዋውን ቢያወጣም አላስችል አለውና ተገኘ ተቀበለው፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ አረደው። ዳልቻ እስከ መጨረሻው ድረስ ጆሮውን ወደ ላይ አቁሞ ነበር አለኝ ተገኘ። ይህን ባይነግረኝ ይሻል ነበር።

ማታ ወንዶቹ ሥጋውን በራሱ ቆዳ ተሸክመው ሲገቡ በባናው ቀዳዳ አየሁ። አያ ከሁሉም በኋላ ገባ። ከግድግዳው ሥር በቦታው ተቀመጠ። ኩራዝ ለማብራት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የምድጃው ፍም ብቻ ፊቱን በግማሽ ያሳያል። ከማዶ ላማችን ትንቀሳቀሳለች፣ በጎች ያስነጥሳሉ፤ በእሱ ማጅራት ላይ የሚተነፍስ ግን የለም። እኔ ደግሞ የታመምኩ ልጅ ነኝ፤ የሆነውን ሰምቻለሁ፣ ግን ከተረቱ መለየት አቃተኝ።

«አያ» አልኩት፤ «በሬው ተራራውን ወጣ?»

እናቴ በመዳፏ አፌን ሸፈነችው። አያ ዞሮ አየኝ። ሊቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም።  ከዚያ ማታ ጀምሮ አያ ዝም አለ።

ሰኔው የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ያን ሥጋ ወዲያው የሚበላ አልነበረም። በአገሩ ልማድ በሬ የወደቀበትን ሰው ጎረቤት ሥጋውን ተካፍሎ በገንዘብ ይረዳዋል፤ ያም ተጠራቅሞ ሌላ በሬ መግዣ ይሆናል። ስለዚህ መንደርተኛው ሁሉ ድርሻውን ወሰደና ቋንጣ አድርጎ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። ዳልቻ በየቤቱ ጭስ ውስጥ ተሰቀለ። እናቴ የእኛን ድርሻ ከቤት አላስገባም ብላ ለእህቷ ላከችው፤ ግን ምን ያደርጋል? ክረምት ነው፤ ጭሱ ከየጣራው ወጥቶ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ በየሄድንበት ይሸተናል። አያ ከቤት የማይወጣ ሆነ። ቆዳው ብቻ ነበር የቀረልን። አባቴ ለጠፍር ሊቆርጠው ሲል አያ ከእጁ ወሰደበት፤ አለፋውና ከመደቡ ላይ አንጥፎ ተኛበት። ያኔ ያየነው የመጨረሻው ሥራው ያ ነው።

ጾሙ ሲፈታ ጠዋት ላይ ከየቤቱ የወጥ ሽታ መጣ። እናቴ ሽሮ ሠራች። ገበታው ሳይነሳ ተገኘ በዝናብ ርሶ ገባና ከአባቴ ጎን ተቀመጠ።

«ምነው፣ ቤትህ ሥጋ አልተሠራም?» አለችው እናቴ።

«ተሠርቷል። ሚስቴ ልጆቹን ታብላ። እኔ ስንት ዓመት ከኋላው ስሄድ ኖሬ ዛሬ ፊት ለፊት ልገናኘው?» አለና እጁን ወደ ሽሮው ሰደደ። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠባት። ተገኘ አያን ሰርቆ ያየው ነበር። አያ ጉርሻውን ይዞ ቀርቷል፤ ወደ አፉ አይወስደው፣ አይመልሰው።

ከዚያ ወዲህ ተገኘ ማታ ማታ መምጣት ጀመረ። እሱ «አፍህን ዝጋ» ስላለ ይመስለኛል፣ ያን አፍ የማስከፈት ዕዳ ያለበት መሰለው። ከምድጃው ዳር ይቀመጥና የአያን ተረቶች ሆን ብሎ እያጣመመ ያወራል። ጦጣዋን ዝሆን ያገባታል፤ አንበሳውን ንስሐ ያስገባዋል፤ ጅቡን ጾመኛ ያደርገዋል። «ጅቡ በሁዳዴ ቅጠል እየበላ ከረመና...» ይልና አያን ይጠብቃል። ከዚህ በፊት ቢሆን አያ «አንተ ውሸታም፣ ተረት አታበላሽ!» ብሎ ነጥቆት ነበር። እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። አያ በእንጨት ፍሙን ይቆሰቁሳል። ተገኘ በመጨረሻ «እንግዲህ ጅቡም በዚያው ሞተ» ብሎ ይነሳና በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን ይጠርጋል፤ ጭሱ ነው ይላል።

የንስሐ አባታችን የተረቱን ነገር ሰምተው መጡ። «አያ መኩሪያ፣ በቀን ተረት መናገር ከብት አይገድልም። ይህ ከንቱ እምነት ነው። የሆነው በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉት። አያ መስቀላቸውን ተሳለመ። እግራቸውን ለመሳም ጎንበስ ሲል እሳቸው ከለከሉት።  ሲወጡ ለአባቴ በሹክሹክታ «እሱን የያዘው ተረቱ አይደለም፤ አለመሄዱ ነው» ሲሉት ሰማሁ። እኔም ያኔ ከሕመሜ ድኜ ስለነበር ነገሩ ገባኝ። አያ ያልሄደው እኔ ዘንድ ስለነበረ ነው። ይህን ማንም በፊቴ ተናግሮ አያውቅም፤ ሁሉም በየልቡ እንደያዘው ግን አውቅ ነበር።

የእርሻው ነገር ከፋ። ቀዮ ብቻውን ቀረ። አባቴ ሰው ዘንድ በጉልበቱ እየሠራ በሬ ተውሶ ከቀዮ ጋር ቢጠምደው ቀዮ አልሄድ አለ፤ ወደ ጎኑ ዞሮ ያሸትና ይቆማል። ከማሳ ሲመለስም ሜዳው ሁሉ ለእሱ ባዶ ሆኖ ሳለ የመንገዱን ግራ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ቀኙን ለዳልቻ ይለቅለታል። ልጆች ሆነን ከኋላው እየሄድን ያን ባዶ ቦታ እናይ ነበር። በዚያ ዓመት ገብሱ ዘግይቶ ተዘራ፤ ውርጭ መታው፤ ያጨድነው ጭድ ብቻ ነበር።

ጎረቤት ያዋጣውና አባቴ የጨመረበት ተደምሮ በጥር አንድ ወይፈን ተገዛ። ቀይ ዳማ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሸጋ ወይፈን ነው። አዲስ ከብት ሲመጣ ስም የሚያወጣ ሁልጊዜ አያ ነበርና አባቴ ገመዱን ይዞ እደጁ ድረስ አመጣለት። «አባቴ፣ ስም አውጣለት» አለው። አያ ተነሥቶ ወይፈኑን በእጁ ዳሰሰው፤ ከትከሻው እስከ አንገቱ፣ ከአንገቱ እስከ ዓይኑ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነው፣ መልሶ ገለጠው። ከዚያ ገብቶ ቆዳው ላይ ተኛና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወይፈኑም ስም ሳይወጣለት ኖረ፤ እኛ ቤት ወይፈኑ እየተባለ አርጅቷል።

አያ እየከሳ ሄደ። የሚያመው ነገር አልነበረም። አንድ ማታ፣ ትልልቆቹ ለቅሶ ቤት ሄደው እኔና እሱ ብቻ ቀርተን ሳለ፣ ፍሙን ቆስቁሼ ከቆዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሳስበው የከረምኩት ነገር ነበር። እሱ ካልነገረኝ እኔ ልንገረው አልኩ። ያን ተረት ብጨርሰው ምናልባት የሆነውም ነገር የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

«አንድ በሬ ነበር» ብዬ ጀመርኩ።  ገበሬውን፣ ጅቡን፣ ወንዙን እሱ እንደ ነገረኝ ነገርኩት። ጅቡን በአፍንጫዬ ተናገርኩ። አያ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ግን ትንፋሹ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ አልነበረም። ተራራው ዘንድ ስደርስ ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ የራሴ ነው። «በሬውም ተራራውን ወጣ» አልኩ። «ቀስ እያለ ወጣ። ከተራራው ማዶ ቢያይ ትልሚቱ ቁልቁል ትወርዳለች። ተከትሏት ወረደ። መንደር አገኘ። ቢያየው የራሱ መንደር ነው። ትልሚቱ ከራሱ ጋጣ ደጃፍ ላይ አለቀች። በሬውም ገብቶ አረፈ።»

ጨርሼ ጠበቅሁ። ፍሙ ተንጣጣ። አያ ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ዝጎ፣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ከብቶቹ ገብተዋል?»

ወደ አፉ ተጠጋሁ። «ገብተዋል አያ።»

«ሁሉም?»

ወደ ጋጣው ዞርኩ። ላሚቱ አለች፤ በጎቹ አሉ፤ ወይፈኑ ቆሟል። የሚጠይቀኝ ስለማን እንደሆነ አውቄያለሁ። «ሁሉም ገብተዋል» አልኩት።

አያ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አቀና። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ እንባው በጉንጩ ሳይሆን በጎን ወርዶ ወደ ቆዳው ገባ፤ እኔንም በእጁ ራሴን ዳበስ አደረገኝ። የተናገርኩት ውሸት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ያም ሆኖ በማግስቱ ማታ ያንኑ ጠየቀኝ፤ እኔም ያንኑ መለስኩለት። ከዚያ ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ እኔም ሌላ መልስ ሳላገኝለት፣ እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ እንዲሁ ኖርንና ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ አባቴ ወደ ጎንደር፣ አክስቴ ዘንድ ላከኝ። እዚያው ትንሽ ተማርኩ፤ ፒያሳ ጨርቅ ቤት ስሠራ ኖሬ እዚያው አረጀሁ። ከብት ኖሮኝ አያውቅም። ካደግሁ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ያን ሥርዓት ያወጡት የጥንት ሰዎች ተረት ከብት የሚገድል መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ወይም ደግሞ ተረት የያዘው ሰው ፀሐይዋን እንደማያይ ስለሚያውቁ ይሆናል። የትኛውም ቢሆን ለአያ ያው ነበር። በደልህ ይህ ነው ብሎ የፈረደበት ሰው አልነበረም፤ የፈረደው እሱ ራሱ ነው፤ ይግባኝ የሚሰማ ደግሞ አልተገኘም። እኔንም ትኩሳቱ ለቀቀኝ እንጂ ያ ጨለማ አለቀቀኝም።

አሁን የምኖረው ቀሐ አካባቢ፣ ልጄ ቤት ነው። የልጅ ልጆቼ ተረት ከስልክ ነው የሚሰሙት፤ በቀንም በማታም ይሰማሉ፤ ምንም አይሆኑም። እኔ ተረት አልነግራቸውም፤ ሲጠይቁኝ ረስቼዋለሁ እላለሁ። ሲመሽ ግን መቀመጥ አልችልም። ባጃጁ በመንገዱ ሲያልፍ፣ በር ሲንኳኳ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አጥሩ በር እመላለሳለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ አያታችን ዘበኛ ነው ይላሉ። ልጄ ግን አትስቅም። እጄን ይዛ ትመልሰኝና፣ «ሁሉም ገብተዋል አባባ፤ አሁን ተቀመጥ» ትለኛለች።

እቀመጣለሁ። ነገር ግን እኔም ለአያ እንዲሁ ብዬው ስለነበር፣ አላምናትም።